ጀርባ ገደል

አገሩ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከወንዙ ወዲያ ነው የሚሉ አሉ፤ ወንዙን መሻገር አያስፈልግም የሚሉም አሉ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ስሙን ከሚጠሩ ምራቃቸውን ቢውጡ ይመርጣሉ። እኛም ስሙን እንለፈውና በዚያ አገር ስለነበረው አበባ እንናገር።

አበባው ወርቄ ይባላል። ወርቄ በእውነት ያምራል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ቢጫ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ማሩን ሳይደብቅ ለመጣ ሁሉ ገበታውን ዘርግቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ንጉሥ ከዘመቻ ተሰባብሮ ሲመለስ ድካሙን የረሳው ይህን አበባ አይቶ ነው ይባላል። እሱ ወደደውና ዝም አለ። ከእሱ በኋላ የነገሡት ግን መውደድ ብቻ አልበቃቸውም። አባታችን የወደደውን የማይመስል አባታችንን የጠላ ነው አሉ፤ ከዚያች ቃል ሕግ ወጣ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በየመንደሩ አንድ ቀለበት ያዥ ይሾማል። ቀለበቷ ከመዳብ የተሠራች፣ የስኒ አፍ የምታህል ናት። የፈካ አበባ ሁሉ በእሷ ይለካል። ሰፋ ካለ ትዕቢተኛ ነው፤ ከጠበበ ልግመኛ ነው፤ ይነቀላል። ማሩን በረጅም ጉሮሮ ውስጥ የሚያስቀምጥ ንፉግ ነው። ፀሐይ ጠልቃ የሚፈካ ሴረኛ ነው። መጥፎ የሚሸት እንደሆነ ደግሞ ለብቻው የሽታ መርማሪ አለው፤ መርማሪው አሽትቶ ፊቱን ካጨማደደ ጉዳዩ አለቀ። ጤፍና ገብስ ቀለማም ቅጠል የሌለው ራቁት አበባ እንዳላቸው ሲታወቅ ሸንጎው ተጨነቀ። ሁለቱ ከተነቀሉ ሸንጎው ራሱ ምን ሊበላ ነው? ብዙ ከተመከረ በኋላ እህል አያብብም ተብሎ ተወሰነ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ሲያብብ ያየ ሰው የለም።

ከሁሉ የባሰው የዱባው ነገር ነው። የዱባ ሐረግ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል፤ አንዱ ከሥሩ ትንሽ ዱባ አዝሎ ይወጣል፣ ሌላው በቀጭን አገዳ ላይ ባዶውን ይቆማል። የአገሩ የአበባ ሹም አዛዥ ደርሶ ባዶውን አይተው ሥራ ፈት አሉት። ሥራ ፈት አበባ ጎህ ሲቀድ እንዲቀነጠስ ታወጀ። ያን ዓመት ያዘሉትም ዱባቸው ጠውልጎ እየረገፈ አለቀ። አዛዡ ነገሩን መርምረው፣ ትጉዎቹ ከሥራ ፈቶቹ ስንፍና ተምረዋል፣ ስለዚህ ሥራ ፈቱ ገና ሳይፈካ ይቀንጠስ ብለው አሻሻሉት። ደርሶ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሕጉን ሲወዱ ከልባቸው ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር።

በየመንደሩ የተነቀለው ሁሉ ከነአፈሩ በበቅሎ ተጭኖ አፋፍ ወደምትባል መንደር ይመጣል። ከአፋፍ ጎን ትልቅ ገደል አለ፤ ጀርባ ገደል ይሉታል። የተነቀለውን የሚጥል ሰው ገደሉን ሊያይ አይፈቀድለትም። ጀርባውን ሰጥቶ በትከሻው ላይ አሳልፎ ይወረውርና ሳይዞር ይሄዳል። ቢያይስ? ያየ ከታየው ጋር ይቆጠራል ይላል ሕጉ፤ እሱም ይጣላል፤ አገር ጀርባውን ይሰጠዋል።

በዚህ ታሪክ ዘመን የአፋፍ ቀለበት ያዥ ወይዘሮ አንጓች ነበረች። ቀለበቷን ከአባቷ ወርሳ ጎልማሳ እስክትሆን አንድም ቀን ሥራዋን ያላጓደለች ቀጥ ያለች ሴት ናት። የራሷን ደጅ ተክል ሳይቀር ለክታ ነቅላለች። አወራወሯ የታወቀ ነበር፤ ቅርጫቱን በትከሻዋ ስታሳልፈው አንዲት ቅጠል እንኳ ጠርዝ ላይ አትቀርም።

ታዲያ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ነበር። በሌላው መንደር ባቄላው ሲመክን፣ ዘይቱኑ አብቦ ሲረግፍ፣ አፋፍ ታፈራለች። የአንጓች ጎረቤት የአያ ቢተው አጥር ዱባ ከብዶት ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ ሥራ ፈቱን አበባ አንድ ሳያስቀር በየማለዳው ይቀነጥሳል። የቤተ መንግሥት ሰዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም። አፋፍ የምታፈራው አንጓች ጥብቅ ስለሆነች ነው አሉ። ከየመንደሩ ቀለበት ያዦች እየመጡ አወራወሯን ያጠኑ ጀመር። ክንዷን ከየት እንደምታነሳ፣ ጉልበቷን እንዴት እንደምታጥፍ አይተው ይመለሳሉ። በከተማም የውርወራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባቄላው ግን እንደመከነ ቀረ።

አንድ ቀን ቅርጫቷን እንደ ልማዷ በትከሻዋ ስታሳልፍ ነፋስ መጣና ነጠላዋን ከአንገቷ ገፎ ወሰደው። ነጠላው የእናቷ ነበር። ሰው ነጠላው ሲሄድበት የሚያደርገውን አደረገች፤ ዞረች።

ነጠላውን አላየችውም። ያየችው ሌላ ነው። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ያብባል። ከአባቷ በፊት የነበሩ ቀለበት ያዦች ሁሉ የጣሉት፣ አባቷ የጣለው፣ እሷ ራሷ የጣለችው፣ ከወደቀበት ሥር ሰድዶ፣ ዘሩን በትኖ፣ ገደሉን ሞልቶታል። አንጓች አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ውበት አይታ አታውቅም፤ ይህን ለማለት አበባ ስትለካ የኖረች ሴት መሆኗ አላገዳትም። እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ አላስቻላትም። ለውርወራ እያለች ማለዳ ትመጣለች፤ ጠርዙ ላይ ከቋጥኝ ጥግ ተቀምጣ እስኪመሽ ታያለች። መጀመሪያ አበባውን ብቻ ነበር የምታየው፤ ቆይታ እንግዶቹን ማየት ጀመረች። ቀይ፣ ረጅም ጉሮሮ ያለው፣ እነደርሶ ንፉግ ያሉት አበባ ለካ ንፉግ አይደለም። ምንቃሯ እንደ መርፌ የቀጠነና የጎበጠ ወፍ አለች፤ ጉሮሮው የተሠራው ለእሷ ምንቃር ልክ ነው። ማሩን ስትጠጣ ግንባሯ በአበባው ዱቄት ይቀባል፤ ያንን ግንባሯን ይዛ ለሚቀጥለው ቀይ አበባ ታደርሰዋለች። ሰማያዊው ደግሞ ከፊቱ ደረጃ የመሰለ ከንፈር አለው። ንብ እዚያ አርፋ ወደ ውስጥ ስትገፋ ከላይ ሁለት ቀጭን ክንዶች ጎንበስ ብለው ጀርባዋን መታ ያደርጓታል፤ ዱቄት አሸክመው ይሸኟታል። አንጓች ይህን ያየች ቀን ብቻዋን ሳቀች።

እምቧይ ዱቄቱን በጠባብ ቀንድ ውስጥ ዘግቶ ይይዛል፤ ለማንም አይከፍትም። ጥቁርና ወፍራም ንብ መጥታ አቅፋው ጮክ ብላ ጥዝ ስትልበት ብቻ ከቀንዱ ጫፍ ይለቅላታል። የበሰበሰ ሥጋ የሚሸተውና መርማሪው ራሱን ያዞረበት አበባ ዝንቦች ይተራመሱበታል፤ እሱም የጠራው እነሱን ነው፣ መርማሪውን አልጠራም። በገደሉ ወገብ ላይ ያለው ሾላ አበባውን ፍሬ በሚመስል ጓዳ ውስጥ ደብቋል፤ ከትንኝ የምታንስ ተርብ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል በር ትገባለታለች። ሳሩ ማንንም አይጋብዝም፤ ነፋስ ይበቃዋል፤ ራቁቱን የሆነው ለዚሁ ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ሴረኛ የተባሉት ነጫጭ አበቦች ይከፈታሉ፤ ሽታቸው ገደሉን ይሞላዋል። ያን ጊዜ የእሳት ራቶች ይመጣሉ። አንዱ ዓይነት አልቆ ሲረግፍ ሌላው ይተካል፤ ገደሉ ዓመቱን ሙሉ ንቦቹን አያስርብም።

ዱባም ነበረ። ንቧ ከሥራ ፈቱ አበባ ውስጥ ተንከባልላ፣ ቢጫ በቢጫ ሆና ትወጣና ዱባ ወዳዘለው ትገባለች። የተጎበኘው ዱባ ይከብዳል፣ ያልተጎበኘው ይረግፋል። አንጓች ንቧን በዓይኗ ስትከተል ሽቅብ በርራ ጠርዙን አልፋ ወደ አያ ቢተው አጥር ስትሄድ አየች። ያን ጊዜ ገባት። አፋፍ የምታፈራው በእሷ ክንድ አልነበረም። የጣለችው ነገር ነው ሲመግባቸው የኖረው።

ይህን ይዛ ዝም አለች። ማን ይጠይቃታል? ኋላ ግን ከቤተ መንግሥት ጥሪ መጣ።

በዚያ አገር አንድ የጥንት ደንብ ነበር፤ ከቀለበቷም ይቀድማል። አልጋ ወራሹ ዘውድ የሚጭነው ከንጉሡ ወርቄ የተለቀመ ዘር ዘርቶ፣ ያም አብቦ፣ በአበባው ፊት ነው። የወራሹ አበባ ባለበት ዙፋን ይኖራል ይላል ደንቡ። ንጉሡ አርጅተዋል። ወርቄያቸው ግን ዘር የለውም። ከዓመት ዓመት ያብባል፣ ገለባው ሲፈተሽ ባዶ ነው። በአገሩ ያለው ወርቄ ሁሉ ልኩ እንዳይዛነፍ ከዚያው ከአንዱ ተክል በቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተተከለ ነበርና ሁሉም ባዶ ነው። አዛዥ ደርሶ ጥፋተኛውን አገኙ፤ የገደሉ ክፉ ሽታ ሽቅብ እየወጣ የንጉሡን አበባ አስደንግጦታል፣ ገደሉ ይቃጠል አሉ። የመጀመሪያውን ችቦ በዚያ በታወቀው ክንዷ እንድትወረውር የተመረጠችው አንጓች ናት። ለዚህም የወርቅ ቀለበት ሊሸልሟት ጠሯት።

መኳንንቱ በተሰበሰቡበት ንጉሡ በደካማ ድምፅ፣ ስለ ክንድሽ አገር ያወራል፣ ምስጢሩን ንገሪን አሏት።

አንጓች የወርቅ ቀለበቱን አየች። እሺ ብላ ብትወስደው ማንም የሚያውቅባት አልነበረም። ገደሉ ግን ይነድዳል። ወፏ ትዝ አለቻት፤ ሰማያዊውም።

“ንጉሥ ሆይ፣ ክንዴ ምስጢር የለውም። ገደሉን አይቼዋለሁ” አለች።

መጀመሪያ አዛዥ ደርሶ ዞሩ፤ ቀጥሎ መኳንንቱ አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጧት። በዚያ አገር ጀርባውን መስጠት የማይፈቀድለት ንጉሥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት እያዩዋት የቀሩት እሳቸው ብቻ ሆኑ።

“ምን አየሽ?” አሏት።

“የጣልነውን ሁሉ። እያንዳንዱ የራሱ እንግዳ አለው። የወፍ አለ፣ የንብ አለ፣ የዝንብ አለ፣ ነፋስ የሚበቃውም አለ። እንግዳው ከአንዱ ቤት ይዞ ለሌላው ቤት ያደርሳል፤ ፍሬ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ከራሱ ጋር ቢጎራረስ ፍሬ የለውም፤ የእርስዎም ወርቄ እንዲያ ሆኖ ነው።”

ደርሶ ጀርባቸውን እንደሰጡ ሕጉን አነበነቡት፤ ያየ ከታየው ጋር ይቆጠራል። ንጉሡ ሊያስተባብሉ አልቻሉም። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ በገደል የሚጣል ሰው ንጉሥ ስስታም ነው እንዳይል ከቤተ መንግሥቱ አንድ ነገር መርጦ ይዞ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው በቅሎ ይመርጥ ነበር። አንጓች ወርቄውን ከነማሰሮው ስጡኝ አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። ንጉሡ ረጅም ጊዜ አዩዋትና፣ መካን ተክል ነው፣ ትውሰደው አሉ። ለምን እንደፈቀዱ ደርሶ እስከ መጨረሻው አልገባቸውም።

እንዲህ ሆኖ አንጓች ማሰሮዋን አቅፋ፣ የተጣለ ሰው በእግሩ በሚወርድበት ቀጭን መንገድ ወደ ገደሉ ወረደች።

ገደሉ ወዲያው እንዳይቃጠል ያደረገው የሸንጎው ክርክር ነው። ሰው ያለበት ቤት አይቃጠልም የሚል አንቀጽ ነበር። የተጣለ ሰው ሰው ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ላይ ክረምቱን ሙሉ ተከራከሩ። አይደለም ያሉት እየበዙ ሄዱ፤ መስማማት ያቃታቸው የችቦው ርዝመት ላይ ብቻ ነበር።

ይህን ወሬ የሚያመጣላት አያ ቢተው ነው። ጠርዙ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና ስንቁን በገመድ ያወርድላታል።

“አንቺ አንጓች፣ ጥሎብሽ ግትር ነሽ” አላት አንድ ቀን። “ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ይኸው ክረምቱ ሲወጣ አንቺን ለእሳት ሊያደርጉሽ ነው። ወጥተሽ ለምን አትለምኛቸውም?”

“አያ ቢተው፣ አጥርህ ዘንድሮም ወደቀ?”

“ወደቀ እንጂ። ሁለቴ አቆምኩት።”

“እንግዲህ የጣለው ዱባ ከየት እንደመጣ ዞር ብለህ እየው።”

ቢተው አልዞረም፤ ልጆች ነበሩት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፈቱን አበባ መቀንጠስ ተወ። ስንቁም ላይ ማር ይጨምርላት ጀመር።

ከገደሉ ግርጌ ወርቄ የመሰሉ አበቦች ነበሩ። ሰፍተው የተጣሉ፣ ጠብበው የተጣሉ፣ እንብርታቸው ቀላ ብሎ የተጣሉ፤ የንጉሡ ወርቄ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። አንጓች ማሰሮውን መሀላቸው አስቀመጠችው። ሲፈካ ንቦቹ ከዘመዶቹ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ዘመዶቹ ተመላለሱበት። አበባው ሲደርቅ በጣቶቿ መካከል አሸችው። በገለባው ውስጥ ጥቁር፣ ጠንካራ ዘር አገኘች። አለቀሰች፤ ከሐዘን አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ ሸንጎው ተስማማ። የተጣለ ሰው ሰው አይደለም ተባለ፤ የችቦውም ርዝመት ተወሰነ። ንጉሡ ግን ከማቃጠሉ በፊት ደርሶን ወደ ጠርዙ ላኳቸው። ደርሶ መጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“የተጣልሽው አንጓች፣ ተክሉ እንዴት ሆነ ተብሏል።”

“ዘር ይዟል፣ አዛዥ።”

ደርሶ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። አንጓች ሽቅብ ወጥታ ዘሩን ከመዳፋቸው አኖረችው። መዳፋቸውን ጭምቅ አድርገው ዘጉ፤ የገዛ እናታቸው ባቄላ መክኖባቸው እንደነበር ኋላ ሰማች።

ማቃጠሉ አበባው እስኪታይ ቆየ፤ ወራሹ ዘሩን ከዙፋኑ እግር ሥር ዘራው፤ በቀለ፤ አበበም። አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበበ፣ አንዱ እንብርቱ ቀላ፣ አንዱ እንደ ቅቤ ነጣ አለ። ደርሶ ቀለበታቸውን አውጥተው አንድ በአንድ ለኩ። አንድም ልክ የመጣ የለም። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ፤ ለንጉሡ እንዴት ብለው ይንገሩ? ግን ታማኝ ሰው ነበሩና ተናገሩ።

“ሕጉ ምን ይላል?” አሉ ንጉሡ።

“በቀለበቱ ያላለፈ አበባ በገደል ይኖራል ይላል።”

“የጥንቱስ ደንብ?”

“የወራሹ አበባ ባለበት ዙፋን ይኖራል ይላል” አሉ ደርሶ።

“እንግዲህ ሁለቱንም አክብሩ” አሉ ንጉሡ፤ ከዙፋናቸውም ተነሡ።

የዚያን ቀን የሆነውን ያዩ እስከ ዛሬ ይስቃሉ። አበቦቹ ከነአፈራቸው ተነሡ፤ ዙፋኑም ተነሣ። መኳንንቱ ገደሉን ማየት አይፈቀድላቸውምና ዙፋኑን ተሸክመው የኋሊት ይወርዱ ጀመር። ንጉሡ ብቻ ጀርባ መስጠት ስለማይፈቀድላቸው ፊት ለፊት እያዩ፣ በየደረጃው እየቆሙ፣ እንደ ሕፃን እየጠየቁ ወረዱ። ይሄ ምንድን ነው? ያ ወፍ ለማን ነው የመጣው? አንጓች ከታች ሆና ትመልሳለች። ችቦ ሊይዙ የመጡት ሰዎች ጠርዙ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ድምፁን ይሰማሉ።

ደርሶ ከመሀል መንገድ እግራቸው ተንሸራተተ። ቀለበቷ ከእጃቸው ወጥታ እየተንከባለለች ሄደች፤ እሳቸውም ተከትለዋት ሰማያዊው አበባ መሀል በጀርባቸው ወደቁ። በጀርባው የወደቀ ሰው ለማን ጀርባውን ይሰጣል? ዓይናቸውን ለመጨፈን ሞከሩ። አንዲት ንብ ከአፍንጫቸው አጠገብ ካለው አበባ ከንፈር ላይ አረፈች፤ ሁለቱ ቀጫጭን ክንዶች ጎንበስ ብለው ጀርባዋን መታ አደረጓት።

አንጓች አጠገባቸው መጥታ እጇን ዘረጋችላቸው። ደርሶ አልተነሡም፤ ንቧን እያዩ ነበር።

“ይሄንን” አሉ ቀስ ብለው፣ “ይሄንን እኔ ነኝ ያስነቀልኩት?”

“እርስዎ አስነቀሉት፤ እኔ ጣልኩት” አለች አንጓች።

ደርሶ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያላዩትን እያዩ እዚያው ተኝተው ቆዩ። ኋላም አንገታቸውን ወደ ጠርዙ ቀና አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙትን ባለ ችቦዎች ተጣሩ።

“ዙሩ” አሏቸው።